ረዥም ስምና ጠባብ በር

በትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ በየቀኑ ከሚሰሙት ቃላት አንዱ «አልጫን አለ» የሚለው ነው። አንዱ ተማሪ ከቤቱ በፍላሽ ይዞት የመጣው ፕሮግራም አልጫን ይለዋል፤ ሌላው ከጓደኛው የተቀበለው ፋይል ግማሹ ተገልብጦ ግማሹ ይቀርበታል። ፍርዱም ወዲያው ይሰጣል። ገሚሱ «ቫይረስ አለበት» ይላል፤ ገሚሱ «ኮምፒዩተሩ አርጅቷል» ይላል፤ የቀረው ደግሞ ፕሮግራሙን የሠራውን ሰው ያማል። ከዚህ የተነሣ በመካከላችን ሁለት ወገን ተፈጥሯል። አንደኛው ወገን የክፍሉ ኮምፒዩተሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁኑ፥ ወይ ሁሉም ዊንዶውስ ይሁን ወይ ሁሉም ሊኑክስ ይሁን ባይ ነው። ሁለተኛው ወገን ጥፋቱን ሁሉ በአማርኛ ላይ ጭኖ፥ ማንም ተማሪ ፋይሉን በአማርኛ ፊደል እንዳይሰይም ሕግ ይውጣ ይላል። እኔ በሁለቱም አልስማማም። ምክንያቴን ከማቅረቤ በፊት ግን ስለ ነገሩ አሠራር ጥቂት መናገር ግድ ይሆንብኛል፤ አሠራሩን ሳያውቁ መፍረድ ለማንም አይበጅምና።

ይህን መጽሔት የሚያነቡ ወላጆቻችን እንዲረዱልኝ ከሥሩ ልጀምር። ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ኮምፒዩተሩን የሚያስተዳድረው ዋናው ፕሮግራም ነው፤ በብዛት የምናውቃቸውም ዊንዶውስ፥ ማክና ሊኑክስ ናቸው። እያንዳንዳቸው ስለ ፋይል ስም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ስም እስከ ስንት ፊደል ሊረዝም ይችላል? የትኛው ምልክት ክልክል ነው? ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል እንደ አንድ ይቆጠራል ወይስ እንደ ሁለት? በእነዚህ ሁሉ አይስማሙም። አንድ ፕሮግራም ደግሞ አንድ ፋይል ብቻ አይደለም፤ በመቶ፥ አንዳንድ ጊዜም በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎች አንድ ላይ ተጠቅልለው ይጓዛሉ። ይህ ጥቅል ፓኬጅ ይባላል። ከእነዚያ ሁሉ ፋይሎች የአንዱ ስም ብቻ የተቀባዩን ኮምፒዩተር ሕግ ቢጥስ፥ ሥራው ሁሉ መካከል ላይ ሊቋረጥ ይችላል። እንግዲህ «አልጫን አለ» የተባለው ፕሮግራም፥ ከምናስበው ይልቅ ብዙ ጊዜ፥ ታሞ ሳይሆን ስሙ በበሩ አልገባ ብሎ የቀረ ነው።

ይህ ሕግ ከየት መጣ ቢባል፥ ከችግር መጣ ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1981 አይቢኤም የግል ኮምፒዩተሩን ለገበያ ሲያቀርብ አንዱ ዲስክ የሚይዘው 160 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ዛሬ በእጅ ስልካችን የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ እንኳ በዚያ ዲስክ ላይ አይገባም። ቦታው እንዲህ ጠባብ ስለ ነበረ፥ የማይክሮሶፍት ዶስ ለእያንዳንዱ ፋይል በመዝገቡ ላይ የሚሰጠው ቦታ 32 ባይት ብቻ ሆነ፤ ከዚያም ውስጥ ለስሙ የደረሰው 11 ነው። ስምንቱ ለስሙ፥ ሦስቱ ከነጥብ በኋላ ለሚመጣው ቅጥያ። ይህን ልማድ ዶስ የወረሰው ከእርሱ በፊት ከነበረው ሲፒኤም ከሚባለው ሥርዓት ነው። በሌላ በኩል በቤል ላቦራቶሪ የተሠራው ዩኒክስ ቀድሞ 14 ፊደል ይፈቅድ ነበር፤ በ1983 ደግሞ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ወደ 255 ከፍ አደረጉት። ማክ ከ1985 ጀምሮ 31 ፊደል ይቀበል ነበር፤ በ1998 እርሱም 255 ደረሰ።

አንባቢ ሆይ፥ ልዩነቱን ተመልከት። በዩኒክስ ኮምፒዩተር ላይ የተጻፈ ፕሮግራም ወደ ዶስ ሲሄድ የፋይሎቹ ስም ሁሉ ይቆረጣል ማለት ነው። መቆረጡም ብቻውን ባልከፋ ነበር፤ የሚከፋው ከተቆረጡ በኋላ ሁለቱ አንድ ሲሆኑ ነው። ዶስ አማርኛ አያውቅም ነበር እንጂ፥ ለምሳሌ ያህል «የኢትዮጵያውያን ታሪክ» እና «የኢትዮጵያውያን ምግብ» የሚሉ ሁለት ፋይሎች በስምንት ፊደል ቢቆረጡ ሁለቱም «የኢትዮጵያውያ» ሆነው ይቀራሉ። አንዱ በሌላው ላይ ይጻፋል፤ ታሪኩም በምግቡ ይሸፈናል።

ዊንዶውስ 95 በ1995 ሲወጣ ስም እስከ 255 ፊደል እንዲረዝም ተፈቀደ። ሆኖም አሮጌዎቹ ፕሮግራሞች እንዳይቸገሩ ለእያንዳንዱ ረዥም ስም አጭር ተለዋጭ ስም ተሰጠው፤ ስድስት ፊደል፥ አንድ የተጠማዘዘ ሰረዝና አንድ ቁጥር። «ፕሮግራም ፋይልስ» የሚባለውን ፎልደር አንዳንድ ጊዜ «ፕሮግራ~1» ተብሎ የምናየው ከዚህ የተነሣ ነው። ድረ ገጽ ሲጻፍ «ኤችቲኤምኤል» መሆን የሚገባው ቅጥያ «ኤችቲኤም» ሆኖ የቀረው፥ «ጄፔግ»ም «ጄፒጂ» የሆነው፥ ከዚያው የሦስት ፊደል ሕግ የተረፈ ነው። በሩ ከሰፋ 30 ዓመት አልፎታል፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ ጎንበስ ብለን እንገባለን።

በሩ ሰፋ ስል ሙሉ በሙሉ አይደለም። በዊንዶውስ የፋይሉ ስም ብቻ ሳይሆን አድራሻው በጠቅላላው ይቆጠራል። አድራሻ ማለት ከዲስኩ ጀምሮ ፋይሉ እስካለበት ድረስ የፎልደሮቹ ስም ሁሉ ተቀጣጥሎ ማለት ነው፤ ከተማውን፥ ክፍለ ከተማውን፥ ወረዳውንና የቤቱን ቁጥር አንድ ላይ እንደ መጻፍ ያለ ነው። የዚህ ሁሉ ልክ ለብዙ ዘመን 260 ምልክት ነበረ። ዊንዶውስ 10 በ2016 ባወጣው እትም ይህን ገደብ ማንሣት እንዲቻል አድርጓል፤ ነገር ግን ኮምፒዩተሩም መፍቀድ አለበት፥ ፕሮግራሙም ለዚያ ተብሎ መሠራት አለበት። ኤንፒኤም የሚባለው የፕሮግራም ጸሐፊዎች መሣሪያ ፓኬጅን በፓኬጅ ውስጥ፥ ያንንም በሌላ ፓኬጅ ውስጥ እየከተተ ሲያስቀምጥ፥ የዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ሊጭኑት ብቻ ሳይሆን ሊያጠፉትም እስኪያቅታቸው ድረስ አድራሻው ረዝሞ ነበር። በ2015 በወጣው ሦስተኛው እትም ፎልደሮቹን ጎን ለጎን በመደርደር አቃለለው።

ይህን የምጽፈው ታሪክ ለመተረክ ብቻ አይደለም። እኛ ተማሪዎች የተጠቀለለ ፕሮግራም የምንፈታው የት ነው? ዴስክቶፕ ላይ፥ «አዲስ ፎልደር» ውስጥ፥ በዚያም ውስጥ ባለ ሌላ «አዲስ ፎልደር» ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ ገና ሳይፈታ የአድራሻው ከፊሉ አልቋል። ያንኑ ፓኬጅ በዲስኩ መጀመሪያ ላይ አጭር ስም ባለው ፎልደር ውስጥ ቢፈቱት ያለ ምንም ጭቅጭቅ ይጫናል። ምንም ገንዘብ የማያስወጣ መድኃኒት ነው።

ከርዝመት ሌላ የክልከላ ነገር አለ። በሊኑክስ ላይ አንድ የፋይል ስም ውስጥ የማይገባው የታይታ ምልክት አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ፎልደርን ከፎልደር የሚለየው ያዘመመ መስመር ነው። በዊንዶውስ ግን ሁለቱም ዓይነት ያዘመሙ መስመሮች፥ የላቲኑ ሁለት ነጥብ፥ ኮከብ፥ የጥያቄ ምልክት፥ ድርብ ትእምርተ ጥቅስ፥ የሚበልጥና የሚያንስ ምልክት፥ ቀጥ ያለውም መስመር ክልክል ናቸው። ይህም አይበቃም፤ ጭራሹን ማንም እንዳይጠራባቸው የተያዙ ስሞች አሉ። «ኮን»፥ «ፕርን»፥ «ኦክስ»፥ «ነል» የሚባሉት በዶስ ዘመን የጽሕፈት ሰሌዳውን፥ የማተሚያውንና የሌሎች መሣሪያዎችን ስም ይዘው ስለ ነበር፥ በዊንዶውስ ላይ ዛሬም እንደ ተጠበቁ ናቸው። የሊኑክስ ዋናው የፕሮግራም ጽሑፍ «ኦክስ» የተባለ ፋይል በውስጡ ስላለ፥ በዊንዶውስ ላይ ሊገለብጡት የሞከሩ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ተቸግረዋል። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ በትልቅና በትንሽ የላቲን ፊደል ብቻ የሚለያዩ መንታ ስሞች አሉ። ሊኑክስ እንደ ሁለት ይቆጥራቸዋል፤ ዊንዶውስና ማክ በተለመደው አሠራራቸው እንደ አንድ። ከመንቶቹ አንዱ ይቀራል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። እነዚህ ሁሉ መሰናክሎች እያሉ የቀደሙት ሰዎች ፕሮግራሞቻቸውን እንዴት ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው አሻገሩ? በእውነቱ ብልሃታቸውን ባወቅሁ ቁጥር እደነቃለሁ። በ1990ዎቹ ሊኑክስን ለመጫን የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቤቱ ያለው የዶስ ኮምፒዩተር ነበር፤ ስለዚህ የሊኑክስ ፓኬጅ በዶስ ዲስክ ላይ፥ በዶስ ሕግ መጓዝ ነበረበት። በ1993 የተጀመረው ስላክዌር ፓኬጆቹን ሁሉ ከስምንት በማይበልጥ ፊደል ሰየመ፤ «ታር» እና «ጂዜድ» የሚሉትን ሁለት ቅጥያዎችም አጣምሮ «ቲጂዜድ» አላቸው፤ ዶስ አንድ ነጥብና ሦስት ፊደል ብቻ ይፈቅዳልና። የእትሙን ቁጥር ጭምር የያዘ ረዥም የፓኬጅ ስም የጀመረው በ2002 ነው። በዚያው በ1993 የተጀመረው ዴቢያን ሌላ መንገድ መረጠ። የፓኬጆቹ ዝርዝር በተጻፈበት መዝገብ ላይ ከእውነተኛው የፋይል ስም አጠገብ «የዶስ ስም» የሚባል ሌላ ረድፍ አኖረ። አንዱ ዕቃ ሁለት ስም ይዞ ይዞር ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ኡምስዶስ የሚባለው ነው። ሊኑክስን በዶስ ዲስክ ላይ፥ ዲስኩን ሳይከፍሉና ሳያጠፉ ለመጫን የታሰበ ሥራ ነበር። ዶስ አጭሩን ስም ብቻ ያያል፤ በየፎልደሩ ውስጥ ግን አንድ የተለየ ፋይል ተቀምጦ፥ ይህ አጭር ስም በእውነቱ እገሌ የሚባለው ረዥም ስም ነው፥ ባለቤቱም እገሌ ነው እያለ ይመዘግብ ነበር። ሊኑክስ ያን መዝገብ እያነበበ እውነተኛውን ስም ያውቃል። በሲዲም እንዲሁ ተደርጓል። በ1988 የወጣው የሲዲ ደንብ በዝቅተኛው ደረጃ ስምንትና ሦስት ፊደል፥ ያውም ትልልቅ የላቲን ፊደል ብቻ ይፈቅድ ነበር፤ ፎልደርም በፎልደር ውስጥ ከስምንት ደረጃ በላይ መውረድ አይችልም። ስለዚህ የዩኒክስ ሰዎች ሮክ ሪጅ የሚባል፥ ማይክሮሶፍትም እስከ 64 ፊደል የሚይዝ ጆሊየት የሚባል ተጨማሪ መዝገብ አበጁ። አንድ ሲዲ ላይ ሦስት የስም መዝገብ ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ፋይሉ ግን ያው አንዱ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የሚገባውን መዝገብ ያነባል።

ከዚህ ሁሉ የምረዳው፥ ስም ሁለት ዓይነት መሆኑን ነው። አገራችን ይህን ከጥንት ታውቀዋለች። ብዙ ሰው የክርስትና ስምና የመጠሪያ ስም አለው፤ በሰፈር በመጠሪያ ስሙ ይጠራል፥ በቤተ ክርስቲያን በክርስትና ስሙ ይታሰባል፥ ሰውየው ግን አንድ ነው። የዴቢያን ፓኬጅም እንዲሁ ነው። በውጭ የሚታየው የፋይሉ ስም መጠሪያው ነው፤ እውነተኛው ስም፥ የእትሙ ቁጥር፥ የሚፈልጋቸውም ሌሎች ፓኬጆች በውስጡ ባለ ትንሽ ጽሑፍ ላይ ተመዝግበዋል። ዲፒኬጂ የሚባለው ጫኚ ያን የውስጡን ያነባል እንጂ የውጭውን አያምንም። ስለዚህ የውጭው ስም በመንገድ ላይ ቢቆረጥ ወይም ቢለወጥ እንኳ፥ ፋይሉን በእጅ ሰጥቶ «ይህን ጫን» ቢሉት ያለ ስሕተት ይጭናል። ስላክዌር ግን በዚህ ይለያል፤ እርሱ የጫነውን ፓኬጅ በመዝገቡ የሚያሰፍረው በፋይሉ ስም ነው። ስሙ ከተበላሸ የተበላሸውን ይመዘግባል፤ ኋላ ለማንሣት ወይም ለማደስ ያስቸግራል። እንግዲህ ስም በተቆረጠ ቁጥር መደንገጥም አይገባም፥ ንቆ ማለፍም አይገባም፤ ስሙ የት እንደሚነበብ ማወቅ ነው የሚገባው።

ይህ ዕውቀት ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ብዙዎቻችን በቤታችን በቂ ኢንተርኔት የለንም። ስለዚህ መስመር ካለው ኮምፒዩተር ላይ ፓኬጅ አውርዶ በፍላሽ ወደሌለው መውሰድ የዘወትር ሥራችን ነው። ፍላሹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዊንዶውስ ሕግ የተሰናዳ ነው። ሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ ስሙ የላቲን ሁለት ነጥብ ያለበት ፋይል ወደዚያ ፍላሽ ሲገለበጥ እምቢ ይላል፤ ተማሪውም «ፍላሹ ተበላሽቷል» ይላል። የዴቢያንና የኡቡንቱ ሰዎች ይህን ዓይነት ነገር አስቀድመው አስበውበታል። በፓኬጅ እትም ቁጥር ውስጥ ሁለት ነጥብ ሲኖር፥ ያወረዱትን ፋይል በሚያስቀምጡበት ጊዜ ሁለት ነጥቡን በመቶኛ ምልክት፥ በ3 ቁጥርና በአንድ ፊደል ይተኩታል። ይህን ያየ አንድ ጓደኛዬ ስሙ የተበላሸ መስሎት እየዞረ «ሊያስተካክለው» ተነሣ፤ እንዲተወው መከርሁት። ያ አስቀያሚ ምልክት ስሕተት ሳይሆን የጉዞ ልብስ ነው።

ለቀሩት ፋይሎች ግን ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ቀላል ነው። ሺህ ፋይሎችን አንድ በአንድ ወደ ፍላሽ ከመገልበጥ፥ ሁሉንም በታር አንድ ላይ ጠቅልሎ፥ ለጥቅሉ አጭርና ንጹሕ የላቲን ስም ሰጥቶ መውሰድ። በፍላሹ በር የሚገባው የጥቅሉ ስም ብቻ ነው፤ በውስጡ ያሉት ስሞች ርዝመታቸውም፥ ትልቅና ትንሽ ፊደላቸውም፥ ፈቃዳቸውም ሳይነካ ይጓዛል፤ በሌላው ሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ ሲፈታ እንደ ነበረ ይገኛል። እህል በጆንያ እንጂ በፍሬ አይጫንም። ብቻ ፋት 32 የሚባለው የፍላሽ አሠራር 4 ጊጋባይት የሚሞላ አንድ ፋይል ስለማይቀበል፥ ጥቅሉ ከዚያ እንዲያንስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ወገን፥ ኮምፒዩተሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁኑ የሚለው፥ መልሱን ከዚህ ያገኛል ብዬ አምናለሁ። ክፍላችን በሙሉ ሊኑክስ ቢሆን እንኳ ፍላሹ በዊንዶውስ ሕግ ይኖራል፤ የአባቴ መሥሪያ ቤት፥ የጓደኛዬ ቤት፥ ነገ የምንሄድበትም ዩኒቨርሲቲ በእኛ ሕግ አይተዳደርም። አንድ ቋንቋ ብቻ በሚነገርበት ቤት ያደገ ልጅ ገበያ ሲወጣ እንደሚቸገር፥ እኛም ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ እንቸገራለን። ደግሞስ ሁለቱ ዓይነት ኮምፒዩተሮች ጎን ለጎን ባይኖሩ ኖሮ፥ ከላይ የጻፍሁትን አንዱንም ለማወቅ ማን ይነሣሣ ነበር?

ሁለተኛው ወገን ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም የሚጠይቀው ሕግ ገንዘብ የማያስወጣ ስለሆነ በቀላሉ ሊጸድቅ ይችላል። በአማርኛ ፋይል መሰየም ይከልከል ይላሉ። እስቲ አማርኛ በእውነት ምን በደለ?

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ ወዲህ ዊንዶውስም፥ ማክም፥ ሊኑክስም ፊደላችንን በፋይል ስም ይቀበላሉ። እንዲያውም የላቲን ፊደል የሌለው ጥቅም አለን። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ስለዚህ ሊኑክስ ሁለት ብሎ ዊንዶውስ አንድ የሚለው ዓይነት መንታ ስም በአማርኛ አይወለድም። የፈረንሳይኛ ፊደሎች ከነጭረታቸው በሁለት መንገድ ሊጻፉ ስለሚችሉ በማክና በሊኑክስ መካከል ጠብ አስነሥተዋል፤ የእኛ ፊደል ግን ከነእግሩና ከነቀለበቱ አንድ ሙሉ ምልክት ነውና ይህ አይደርስበትም። አሮጌዎቹ መጻሕፍት ቃልን ከቃል የሚለዩበት ሁለት ነጥባችን (፡) እንኳ ከላቲኑ ሁለት ነጥብ ጋር ቢመሳሰልም በኮምፒዩተሩ ዘንድ ሌላ ምልክት ስለሆነ፥ ዊንዶውስ አይከለክለውም። አያቶቻችን ሳያውቁት ለዊንዶውስ የሚስማማ ነጥብ ትተውልናል።

ሆኖም እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባል፤ ሦስት ችግሮች አሉ።

አንደኛው የርዝመት ነው። ዊንዶውስ 255 የሚቆጥረው በምልክት ነው፤ አንድ የአማርኛ ፊደልም አንድ ይቆጠራል። ሊኑክስ ግን 255 የሚቆጥረው በባይት ሲሆን፥ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ ሦስት ባይት ይፈጃል። ለ3 ሲካፈል 85 ፊደል ይደርሰናል፤ የቃል መለያ ክፍት ቦታ ግን አንድ ባይት ብቻ ይወስዳል። ቅጥያው ከነነጥቡ 5 ባይት ሲይዝ የሚተርፈው 83 ነው። ስለዚህ በዊንዶውስ 100 የአማርኛ ፊደል ያለው ስም ይፈቀዳል፥ ወደ ሊኑክስ ሲገለበጥ ይቀራል። ይህ ለድርሰት የሚበቃ ስም ነው፤ ማን ይህን ያህል ያስረዝማል ትሉ ይሆናል። ከድረ ገጽ የተቀመጠ ጽሑፍ የገጹን ርእስ እንዳለ ስሙ ያደርገዋል፤ የጋዜጣ ርእሶቻችን ደግሞ አጭር አይደሉም።

ሁለተኛው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። «ሥዕል» የሚለውን ቃል ሰዎች በአራት መንገድ ይጽፉታል፤ «ፀሐይ»ን ቢያንስ በስድስት። ለጆሮ አንድ ናቸው፥ ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ ሌላ ስም ነው። አንድ ተማሪ በሠራው ፕሮግራም ውስጥ «ሥዕል» የሚባለውን ፎልደር ፈልግ ብሎ ቢያዝ፥ ፎልደሩም «ስእል» ተብሎ ቢሰየም፥ «አልተገኘም» ይለዋል። ሞክሼዎቹ ይቀነሱ ወይስ ይኑሩ የሚለውን ክርክር ለአማርኛ መምህሮቻችን እተዋለሁ፤ ቢያንስ ግን በአንድ ሥራ ውስጥ አንድ አጻጻፍ መያዝ ያስፈልጋል።

ሦስተኛውና ከባዱ የአሮጌ ፕሮግራሞች ነገር ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበረው ልማድ የተጻፉ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ፊደልን የሚያነቡት የኮድ ገጽ በሚባል ሰንጠረዥ ነው፤ ለአማርኛ ደግሞ ዊንዶውስ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ አበጅቶ አያውቅም። ስለዚህ እነዚያ ፕሮግራሞች አማርኛ ሲያዩ እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተኩታል፤ የጥያቄ ምልክት ደግሞ በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ ክልክል ነው። የተማሪው መግቢያ ስም «ዓለማየሁ» ተብሎ በአማርኛ ተመዝግቦ ከሆነ፥ የእርሱ ፎልደር በዚያው ስም ይፈጠራል፤ አሮጌው ጫኚ ጊዜያዊ ፋይሎቹን እዚያ ሊያኖር ሲሞክር አድራሻው በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ ያገኘዋል፤ መጫኑም ይቆማል። «አማርኛ ኮምፒዩተሩን ያበላሻል» የሚለው ወሬ የተነሣው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። የተበላሸ ነገር ግን የለም፤ የአንድ አሮጌ ፕሮግራም ዓይን ነው የማያየው።

ስለዚህ እኔ የምለው ድንበር ይበጅ ነው። ፕሮግራሞች የሚጫኑበትና የሚጓዙበት ስፍራ፥ ማለትም የተማሪው መግቢያ ስም፥ ፓኬጅ የሚፈታበት ፎልደር፥ በፍላሽ የሚሄደው ጥቅል፥ አጭር የላቲን ስም ይኑረው፤ ክፍት ቦታም አይግባበት፤ አንዳንድ ፕሮግራም «ወልደ ጊዮርጊስ»ን ሁለት ሰው ብሎ እንደሚመዘግብ የባዕድ አገር ፎርም፥ በክፍት ቦታ የተለየውን ስም ሁለት አድርጎ ይቆጥራልና። የእኛ የራሳችን ሥራ ግን፥ ድርሰቱ፥ የታሪክ ጥናቱ፥ ሥዕሉ፥ የቤተሰብ ፎቶግራፉ፥ በገዛ ፊደላችን ይጠራ፤ ከ80 ፊደል አይለፍ እንጂ። አንድ ልጅ ስለ አያቱ የጻፈውን ታሪክ በላቲን ፊደል አጣሞ ሲሰይመው፥ ከሦስት ዓመት በኋላ ራሱ ተመልሶ ሊያነበው ይቸገራል። «ሰ»ን በየትኛው «ኤስ» ጻፍሁት፥ «ጠ»ንስ በስንት «ቲ»? ይህን በፍለጋ ያላባከነ ተማሪ በክፍላችን ያለ አይመስለኝም። ፕሮግራም ቢጠፋ እንደ ገና ይወርዳል፤ ስሙ ጠፍቶበት ያልተገኘ ድርሰት ግን ከየትም አይወርድም።

ለመምህራኖቻችን የማቀርበው ልመናም ትንሽ ነው። ክረምት ሲገባ የክፍሉ ኮምፒዩተሮች እንደ ገና ሲጫኑ፥ የተማሪዎች መግቢያ ስም ሁሉ በአጭር ላቲን ቢሆን፤ በእያንዳንዱ ዊንዶውስ ላይ የ260ው ገደብ እንዲነሣ ቢደረግ፤ በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ለመጫኛ የሚሆን አንድ ፎልደር ቢከፈት፤ «ሰነዶች» በሚለው ፎልደር ውስጥ ግን ማንም በፈለገው ፊደል እንዲሰይም ቢፈቀድ። ሥራው ለ24 ኮምፒዩተሮች ከሁለት ቀን በላይ አይፈጅም፤ እኔና ሦስት የክፍል ጓደኞቼ ለመርዳት ስማችንን አስመዝግበናል።